ከሐረጎ በታች

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐረጎን ስወርደው፣
ኮምቦልቻን እኔ በመስኮት ነው የማውቀው፤
ከደሴ ብርድ ወርዶ ሹራብን ማውለቅ፣
ከቆላው ወበቅ ጋር ላፍታ መተዋወቅ፣
ውሃና ኦቾሎኒ በመስኮት መግዛትና፣
«ሳበው!» ሲል ረዳቱ፣ መርሳት ነው እንደገና።

ዛሬ ግን ጎማችን ሞቢል ላይ ተነፈሰ፤
ሹፌሩ «ሁለት ሰዓት» ብሎ መሪውን ተንተራሰ።
ወረድሁ።
የአስፋልቱን ትኩሳት በጫማዬ ሶል አወቅሁ፣
ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከተማዋን ረገጥሁ።

ከጎሚስታው ጀርባ፣ የጣልያን ዘመን ቤት፣
በረንዳው ተሰንጥቆ ሾላ የበቀለበት፤
ከበሩ ግንባር ላይ የተቀረጸው ዓመት፣
ግማሹ በመዶሻ፣ ግማሹ በዝናብ የጠፋበት።
የሰገነቱ ብረት፣ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ፣
ዛሬ የሕፃን ልብስ፣ ሁለት አንሶላ፣ አንድ ቱታ የያዘ።
«ማን ይሆን የሠራው?» ስል፣ ቀና ብዬ ሳይ፣
አንዲት እናት ወጡ፣ ባልዲ ይዘው ወደ ፀሐይ።
መልስ አልሰጡኝም። ያዩት ከንፈሬን ነው፣ ዓይኔን ሳይሆን፤
«ድገመው» አሉኝ በጣት፣ «ቀስ በል፣ አፍህም የተከፈተ ይሁን።»

ጦይባ ይመር ናቸው። ፈትል ክፍል፣ ሁለተኛ ፈረቃ፤
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በማሽን ጩኸት ሲወቃ፣
ጆሯቸው እዚያው ቀረ፣ እሳቸው ጡረታ ወጡ፤
የተሸለሙትን ሰዓት ከጓዳ ይዘው መጡ።
«ደወል አለው አሉኝ!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤
ቁልፉን ሳዞረው ጮኸ። ዘወር እንኳ አላሉም።

ደረጃው ከመሃሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል፤
«ስንት እግር መሰለህ? አሥራ አንድ ቤተሰብ ይወጣል፣ ይወርዳል።»
የወለሉን ሸክላ በመዳፋቸው ዳበሱ፦
«ስም አለበት፤ አላነበውም፤ ግን ግንቦት ላይ ይቀዘቅዛል፣ ይባረክ እሱ።»

ከዚያ ወደ ቦርከና፣ በአጥር ሥር መሩኝ፣
ቁልቋል፣ አሮጌ ጎማ፣ የሲሚንቶ ከረጢት አሻገሩኝ።
ዳርቻው ላይ ቆምን። መናፈሻ የለው፣ አግዳሚ የለው፤
አንድ ልጅ ባጃጁን ያጥባል፣ ሁለት ላሞች ያዩታል ቆመው።

«ያኔ» አሉ ጦይባ፣ «ቀን የምንቆጥረው በውሃው ነበር፤
ሰማያዊ ሲወርድ ቱታ ነው፣ ሲቀላ የብርድ ልብስ ድር።
አንድ ሳምንት ጥቁር ወረደ፤ ማን ሞተ ብለን ደነገጥን፣
ለካ የተማሪ ሱሪ ነው! በሱው ደመወዝ ልጅ አስመረቅን።
ከብቱ ግን ከሳ። ታች ያሉት ገበሬዎች ተጣሉን፤
‹ቀለማችሁን እናንተው ጠጡት› አሉን።
እውነት አላቸው። ምን እንበል?
እኛንም ያ ቀለም ነበር የሚያበላን።»

ዛሬ ውሃው ጭቃ ነው፣ ያፈር መልክ ብቻ፤
«ለከብቱ ደግ ነው» አሉ።
ዓይናቸው ግን ሄደ ወዲያ፣ ጭስ ወዳጣው ጭስ ማውጫ።

ድንገት ክንዴን ያዙኝ። እንደ ልጅ አፈር አሉና፦
«ጆሮ አለህ አይደል? እስቲ ንገረኝ፣ ባክህ፤
እዚህ ጋ፣ ድንጋዩን ሲያልፍ፣
ምን ይላል ውሃው? ስማልኝ ጎንበስ ብለህ።»

ጎነበስሁ። ሰማሁ። ቃል ፈለግሁለት፤
«ሽሽ» ልበል? «ኩልኩል»? ሁሉም የሕፃን ጨዋታ ሆነበት።
ኋላ መዳፋቸውን ዘርግቼ በጣቴ መታሁት፣
ውሃው ሲዘል፣ ሲያርፍ፣ ሲንደረደር፣ ልክ እንደሰማሁት።
ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፦
«ይሄማ የኔው ማሽን ነው፤ እንካ፣ እዚህ ጋ ክሩ ተበጠሰ።»

ከሞቢል በኩል የአውቶቡሱ ክላክስ ጮኸ፤
እሳቸው አልሰሙም።
እጄ ገና መዳፋቸው ላይ ነው፣
ጣቴም አልቆመም።